ሁለተኛው ድስት

ዒድ በደረሰ ቁጥር የምንሰማው አንድ የተለመደ አነጋገር አለ። «ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ከአንድ ማዕድ እየበላ ተፋቅሮ የኖረ ሕዝብ ነው» ይባላል። በሬዲዮ ይነገራል፣ በቴሌቪዥን ይታያል፣ በየስብሰባው ይደገማል። አባባሉ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። በደብረ ታቦርም ይሁን በጎንደር፣ በባሕር ዳርም ይሁን በደሴ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ እንጂ ከአንድ ድስት ሥጋ አይበሉም። ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ተብሎ የታረደውን፣ ክርስቲያኑ «በስመ አብ» ተብሎ የታረደውን ይበላል። በየከተማው በሥጋ ቤቶች በር ላይ የሚታየው የጨረቃና የመስቀል ምልክትም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ሥጋው የተለያየ ከሆነ በበዓል ቀን አብሮ መብላት የሚባለው ነገር ምንድን ነው? አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ሁለተኛ ድስት መጣድ ነበር። አንዱ ድስት ለቤተሰቡ ሲሆን ሌላው ከዚያ ለማይበላው ወዳጅ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ ድስት ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ድስቱን ከምድጃው ላይ ስላወረድነው ስለ እኛ ስለ ራሳችን ነው።

ልማዱ ምን ይመስል ነበር?

ከጣራ ገዳም ሥር ካለችው ከአዲስ ዘመን ተነስቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ የሚያልፍበት አገር የገዳምና የደብር አገር ነው። የደብረ ታቦር ከተማ ስም ራሱ ክርስቲያኖች ነሐሴ 13 ቀን የሚያከብሩት በዓል ስም ነው። በዚሁ አገር ውስጥ ግን ከይፋግ ገበያ አቅራቢያ የምትገኘው ደሪጣ ከጥንት ጀምሮ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር በመሆን በታሪክ ትታወቃለች። ሙስሊሙ በዚህ አገር እንግዳ ሆኖ የመጣ ሳይሆን በገበያው፣ በሽመናው፣ በእርሻውና በጉርብትናው የኖረ ባለአገር ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ አገር አንድ ሙስሊም ለዒድ፣ ለአረፋ ወይም ለሠርግ ክርስቲያን ወዳጆቹን ሲጠራ በግ ወይም ፍየል ከነነፍሱ ይዞ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ይሰጣል። ጎረቤቱ በራሱ እምነት ያርደዋል፤ የጎረቤቱም ሚስት በራሷ ድስት ትሠራዋለች። እንግዶቹ ሲመጡ ሁለቱም ወጥ ይቀርባል፤ ሁሉም የራሱን ያውቃል። ክርስቲያኑም በፋሲካና በልጁ ሠርግ እንደዚሁ ያደርጋል። በጉን ለሙስሊሙ ያስረክባል፤ ቢላዋውም ድስቱም የሙስሊሙ ይሆናል። ሙስሊሙ በቤቱ ጠላና አረቄ አያቀርብም፤ እንግዳውም አይጠይቅም። ክርስቲያኑ በበኩሉ ለሙስሊም እንግዳው ብርዝ ይበጠብጣል፤ ወይም በቡናና በሻይ ያስተናግዳል።

ይህ ሁሉ ያለ ወጪና ያለ ድካም የሚሆን አልነበረም። አስተናጋጁ አንድ ተጨማሪ እንስሳ ይገዛል። የሚያርድለትና የሚሠራለት ጎረቤት ስለሚያስፈልገው ከበዓሉ በፊት ሄዶ ይለምናል። ያልተነካካ ዕቃ ለይቶ ያስቀምጣል። ከዚህም ሌላ የወዳጁን የጾም ቀን መቁጠር አለበት። ረቡዕ ነው ወይስ ዓርብ? ሁዳዴ ነው ወይስ ፍልሰታ? ይህን የማያውቅ ሰው ወዳጁን ጠርቶ ሊያስተናግድ አይችልም ነበር።

ኤሎይ ፊኬ የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያ ሥጋ በሙስሊሙና በክርስቲያኑ መካከል የድንበር ምልክት መሆኑን አሳይተዋል። ትክክል ናቸው፤ ድንበሩ አለ። እኛ ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምራለን። ከነነፍሱ ወደ ጎረቤት ቤት የሚነዳው በግ ድንበሩን አያፈርስም፤ ሰዎቹ ግን ድንበሩን እንዳከበሩ ይገናኙበታል።

ታሪኩ ሁሉ ጣፋጭ አልነበረም

ልማዱን ስናመሰግን ያለፈውን ዘመን ገነት አድርገን ልንስለው አይገባም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668 በጎንደር በአፄ ዮሐንስ አንደኛ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ታወጀ። የጎንደሯ አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሠፈር ሆና የቆየችውም በዚህ ታሪክ ውስጥ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላም በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ ብዙዎችም ተሠቃዩ።

የበዓል ቀናችን እንኳ በመንግሥት ዘንድ እንደ በዓል የተቆጠረው በቅርቡ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደውን ታላቁን የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ አንባብያን ያስታውሱታል፤ ወይም ከአባቶቻቸው ሰምተውታል። ከጥያቄዎቹ አንዱ የዒድ በዓላት በብሔራዊ ደረጃ እንዲከበሩ ነበር። በዚያ ሰልፍ ላይ ክርስቲያኖችም ተገኝተዋል። ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ሥራ የሚዘጋባቸው የሕዝብ በዓላት የሆኑት ከዚህ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሙስሊም በዒድ ቀን ወዳጁን ጠርቶ ሊያበላ ይቅርና እርሱም ቤቱ የሚውልበት ፈቃድ አልነበረውም።

ይህን ያነሣነው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ የሁለተኛውን ድስት ዋጋ ለማሳየት ነው። ቤተ መንግሥቱ «ተለዩ» ሲል ሰዎች በየመንደሩ ሃይማኖታቸውን ሳይለቁ የሚቀራረቡበትን መንገድ በምድጃቸው ዙሪያ አበጁ። ማንም ያላዘዛቸው ነገር ነው። ተጨቁኖ ለኖረ ሕዝብ ጎረቤቱን ጠርቶ ማብላት ቀላል ነገር አይደለምና ለእነዚያ እናቶችና አባቶች አላህ (ሱ.ወ.) እዝነቱን ያውርድላቸው።

ሃይማኖታችን ምን ያስተምረናል?

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ባህል እንጂ ዲን አይደለም» ይላሉ። የእርድን ሕግ ዝርዝር ለዑለሞቻችን እንተዋለን። በሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ ስለ መጽሐፉ ሰዎች ምግብ የተነገረውን ዑለሞች በሰፊው ተርጉመውታል፤ የአገራችን ሙስሊም ግን ከጥንት ጀምሮ ከራሱ እርድ በቀር ሳይበላ ኖሯል። የሌላውን ሃይማኖት አምልኮ መካፈልም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ጉርብትና ነው። ስለ ጉርብትና ደግሞ ዲናችን ብዙ ያለው አለ።

በሱረቱል ሙምተሒና 8ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በሃይማኖታችን ምክንያት ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላስወጡን ሰዎች በጎ ከመዋልና በፍትሕ ከመኗኗር እንደማይከለክለን ይነግረናል። በሱረቱን ኑር 61ኛ አንቀጽ ደግሞ በጋራም ሆነ ለየብቻ በመብላት ኃጢአት እንደሌለብን ተነግሯል። አብሮ መብላት ስላልተቻለ ብቻ ወዳጅነት ተቋረጠ የሚል ሰው ይህን አንቀጽ ቆም ብሎ ያስተውል።

ታላቁ ሶሐባ ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተሰጥቶት እንደሆነ ነው። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ መልአኩ ጅብሪል ስለ ጎረቤት ሐቅ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አደራውን ከማብዛቱ የተነሣ ጎረቤት ወራሽ የሚደረግ እስኪመስላቸው ድረስ መድረሱን ጠቅሰዋል። ይህንን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሌላ ታሪክም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በባለቤታቸው በመይሙና (ረ.ዐ.) ቤት ሳሉ የተጠበሰ ደብ፣ ይኸውም እንሽላሊት የሚመስል የበረሃ እንስሳ፣ ቀረበላቸው። እርሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሐራም ስለሆነ ሳይሆን በወገኖቻቸው አገር የሌለና ነፍሳቸው የማይቀበለው ምግብ ስለሆነ ነበር። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ግን ወደ ራሱ ስቦ በላው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እያዩ አልከለከሉትም። በአንድ ገበታ ላይ አንዱ በላ፣ ሌላው ተወ። የበላው አልተነቀፈም፤ ያልበላውም «ለምን አትበላም?» ተብሎ አልተጨቀጨቀም። ከዚህ የተሻለ የገበታ ሥነ ሥርዓት ከየት ይመጣል?

እኔው ራሴ ያጠፋሁት

ሰውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። የ2016 ዓ.ም. ዒድ አል ፈጥር የዋለው ሚያዝያ 2 ቀን፣ ረቡዕ ነበር። ከልጅነት ጀምሮ ደብረ ታቦር አብረን የተማርን አንድ ክርስቲያን ወዳጅ አለኝ። ከሶላት እንደተመለስኩ ስልክ ደወልኩና «ና፣ ዒድን አብረን እናሳልፍ» አልኩት። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ለልጆቼ ከረሜላ ይዞ መጣ። እኔም ሥጋ እንደማይበላልኝ አውቃለሁና ተጠበብኩ ብዬ በቅቤ ያበደ ሽሮ አቀረብኩለት።

ወዳጄ እጁን አልታጠበም። «ለእኔ አትጨነቅ፤ ልጆቹን ላያቸው ነው የመጣሁት» አለኝ። እኔም እንደ ወጉ «በአላህ፣ አንዴ ብቻ ቅመስ» እያልኩ መጎትጎት ያዝኩ። ያን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና ገበታውን አይታ ደነገጠች።

«አንተ ልጅ፣ ሁዳዴ መሆኑን አታውቅም? ደግሞስ ጾመኛ ሰው በዚህ ሰዓት ይጠራል?» አለችኝ። ከዚያም ወደ እርሱ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ አትቀየመን። 9 ሰዓት ላይ ከነባለቤትህ ከነልጆችህ ትመጣለህ፤ አደራ» አለችው።

እናቴ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሸክላ ድስት አወረደች። ቅቤና ሥጋ ነክቶት የማያውቅ የጾመኛ እንግዳ ድስት ነው። እኔ በዚያ ቤት አድጌ ድስቱ ለምን እንደሚቀመጥ ጠይቄ አላውቅም። አቧራውን አጥባ ምስር ወጥ በዘይት ሠራች፤ ሱፍ አስወቅጣ ፍትፍት አዘጋጀች። ወዳጄ በ9 ሰዓት ከነቤተሰቡ መጣ። እርሱ ከዚያኛው፣ እኛ ከዚህኛው ድስት በአንድ ጠረጴዛ በላን። ሲሄድ እናቴን «እማማ፣ ይህን ድስት እናቴም ታነሣው ነበር» አላት።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው። የእኔ ጥፋት ወዳጄን አለመውደዴ አልነበረም፤ እወደዋለሁ። ጥፋቴ አለማወቄ ነበር። ሠላሳ ዓመት የማውቀውን ሰው መቼ እንደሚጾም፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበላ አላውቅም ነበር። እናቴ ግን ፊደል ሳትቆጥር የሁለት ሃይማኖት የቀን መቁጠሪያ በቃሏ ትይዛለች።

ልዩነቱን ይዘን ድካሙን ተውነው

እንግዲህ ወደ ሂሱ እንምጣ። ዛሬ በበዓል ማዕዳችን ላይ ሦስት ዓይነት ስሕተት ይታያል።

የመጀመሪያው «ሥጋ ሥጋ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው ራሱን የሠለጠነ አድርጎ ይቆጥራል። ወዳጁ በእምነቱ የማይበላውን እንዲበላ ይጎተጉታል፤ ካልበላለት ይቀየማል፤ አንዳንዴም ሳይነግረው አብልቶ በኋላ ይስቅበታል። ይህ ወዳጅነት ሳይሆን ድፍረት ነው። ሰው ለጌታው ብሎ የተወውን ነገር ማቃለል እርሱንም ማቃለል ነው። እኛ ሐላል ያልሆነ ነገር ብንበላ ምን እንደሚሰማን እናውቃለን፤ ለሌላውም እንደዚያው ማሰብ ይገባናል።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። «ሥጋቸው ሌላ፣ በዓላቸው ሌላ፤ እንግዲህ ቤታቸው ምን ያስገባኛል?» ይላል። በሁለቱም ወገን አለ። የተለየው ድስት የተጣደው ሰዎች እንዲገናኙ መሆኑን ረስቶ የመለያያ ምክንያት ያደርገዋል። ይህ ሰው ስለ ዲን ተቆርቋሪ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ለአይሁዳዊ ጎረቤቱ የጠየቀው ሶሐባ ከእርሱ ያነሰ ተቆርቋሪ ነበርን?

ሦስተኛው ስሕተት የእኛ፣ የአብዛኞቻችን ነው። ልዩነቱን ይዘን ድካሙን ትተነዋል። አባቶቻችን ሥጋ ለይተው ስለሚበሉ በግ ይገዙ፣ ዕቃ ይለዩ፣ ጎረቤት ይለምኑ ነበር። እኛም ሥጋ ለይተን እንበላለን፤ በግ ግን አንገዛም፣ ዕቃ አንለይም፣ ማንንም አንለምንም። ክርስቲያኑ ወዳጃችን ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳና አንድ ቁራጭ ኬክ እንሰጠውና «እንኳን አብሮ አደረሰን» እንላለን። ብዙ ጊዜ ደግሞ እርሱም አይሠራበትም፤ በስልክ የተዘጋጀ ሥዕል እንልክና እንገላገላለን። እርሱም በፋሲካ እንዲሁ ይመልስልናል። ከዚያም ምሽት ላይ በቴሌቪዥን «ከአንድ ማዕድ የሚበላ ሕዝብ» ሲባል አብረን ራሳችንን እንነቀንቃለን።

ይህ ቸልተኝነት ከክርስቲያኑ ወዳጅ ጋር ብቻ አይቆምም፤ የራሳችንንም ገበታ በልቶታል። በአረፋ አንድ በሬ ለሰባት ሰው ኡድሒያ ሊሆን እንደሚችል በሐዲስ ተረጋግጧል። ብዙ ዑለሞችም ሥጋውን ሦስት ቦታ ከፍሎ አንዱን ለቤተሰብ፣ አንዱን ለወዳጅና ለጎረቤት፣ አንዱን ለድሃ መስጠትን ይወዳሉ። እኛ ግን ኡድሒያውን ከቅርጫ ጋር አመሳሰልነው። በቅርጫ ሁሉም ከፍሎ መደቡን ይወስዳል፤ ማንም የማንም ባለውለታ አይደለም። በአረፋም ሰባቱ ተካፍለው እያንዳንዱ ድርሻውን ወደ ፍሪጁ ያስገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ዓመት ችግረኞች ወደ መዲና በመግባታቸው ሰዎች የኡድሒያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳያቆዩ ከልክለው ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ችግሩ ሲያልፍ ፈቀዱ። እኛ ፈቃዱን ይዘናል፤ የክልከላውን ምክንያት ግን ረስተናል። ሀብታም ተጠርቶበት ድሃ የተተወበት ድግስ ከምግብ ሁሉ የከፋ መሆኑ በሐዲስ የተነገረውም ለዚህ ነው።

ለክርስቲያን ጎረቤት የአረፋ ሥጋ ልኮ «ሐቁን ተወጣሁ» የሚል ሰውም አለ። ሰውየው እንደማይበላው እያወቀ! ስጦታ ተቀባዩ ሊጠቀምበት የሚችለው ነገር ነው። ለእርሱ አንድ ኪሎ ቡና ወይም አንድ ሳህን ማር ከበሬው ጭን ይሻለዋል።

«አቅም የለንም» ለሚሉ

አንባቢ እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «ዘመኑ ከባድ ነው። ለራሳችን በግ መግዛት ባቃተን ጊዜ ለወዳጅ ሁለተኛ በግ ከየት ይመጣል?» እውነት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲታጠፍ፣ ሰው ከሰው ሲቆራረጥ ብዙ ቤተሰብ ዒድን ያለ እርድ አሳልፏል።

ነገር ግን ሁለተኛው ድስት የግድ ሥጋ መሆን አለበት ያለው ማን ነው? የ2016ቱም የ2017ቱም ዒድ አል ፈጥር የዋሉት በሁዳዴ ውስጥ ነው። መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ዒድ ሲሆን እኛ ረመዳንን ፈትተን ክርስቲያኑ ገና ይጾም ነበር። በዚህ ጊዜ ክርስቲያን ያረደው በግም ቢኖር አይበላም። የሚያስፈልገው የምስር ወጥ፣ የዘይት ሽሮ፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍት ነው። ከጉና ሥር የሚመጣው ድንች፣ የፎገራው ሽንኩርትና ሩዝ ሁሉ ለዚህ ይሆናል። የቸገረን እንግዲህ ገንዘቡ ሳይሆን ሐሳቡ ነው። ከሥጋ የረከሰ ነገር እንኳ ለወዳጃችን ሳንጥድ የምንቀረው ስለማናስበው ነው።

ሌላም እውነተኛ ቅሬታ አለ፤ ይኸውም የእህቶቻችንና የእናቶቻችን ነው። ባል በመስጊድ በር ላይ ያገኘውን ሁሉ «ና ቤት» እያለ ይጠራል፤ ሁለቱንም ድስት የምትጥደው ግን ሌሊቱን ሙሉ ጭስ ውስጥ ያደረችው ሚስት ናት። ደግነቱ የእርሱ፣ ድካሙ የእርሷ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ባለቤቶቻቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች። ስለዚህ እንግዳ የሚጠራ ወንድም አስቀድሞ ለቤቱ ይንገር፤ ሽንኩርቱን ይላጥ፤ ጎረቤት የሚለመን ካለ ራሱ ሄዶ ይለምን። ወንዶችና ሴቶች ልጆችንም ከጎኑ ያድርግ። ልጅ ጎረቤቱን ማክበር የሚማረው ከስብከት ይልቅ «ይህን ማንኪያ ወደዚያኛው ድስት እንዳታስገባ፤ የጋሼ ነው» ሲባል ነው።

ያልተበላበት ቤት

በ2011 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ጎንደር በእስቴ መስጊዶች ተቃጠሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በረመዳን፣ ዒድ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በጎንደር ከተማ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣ ጥቃት የሙስሊሞች ሕይወት ጠፋ። እነዚህን ነገሮች ያደረጉ ሰዎች በሕግ መጠየቅ አለባቸው፤ የጥፋቱ ባለቤት ያጠፋው ነው። አንድ ድስት ምስር ወጥ ባለመጣዱ መስጊድ ተቃጠለ የሚል ሞኝ የለም። ገዳዩንም «ጎረቤት አላበላህም ነበር» ብለን ነፃ አንለቀውም።

ነገር ግን ይህንንም እናስብ። ወሬ ሲነዛ ሰው የሚያምነው ስለማያውቀው ሰው ነው። ገበታው ላይ የተቀመጥክበትን፣ እናቱ ለአንተ ጾም ድስት ያወረደችልህን ሰው «እንዲህ አደረገ» ቢሉህ «እስቲ ልጠይቀው» ትላለህ። ቤቱን ረግጠህ የማታውቀውን ሰው ግን የተባለውን ሁሉ ታምንበታለህ። ከሞጣው ቃጠሎ በኋላ ለመልሶ ግንባታው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ገንዘብ አዋጥቷል። ያ መልካም ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ከተቃጠለ በኋላ ከማዋጣት ግን ሳይቃጠል በፊት መተዋወቅ ይቀላል። ዋጋውም ይቀንሳል።

የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። በስሌት እንደሚታየው በ2022 ዓ.ም. ገናና ጥምቀት በረመዳን ውስጥ ይውላሉ። ያን ጊዜ ተራው የክርስቲያኑ ወዳጃችን ይሆናል። በገና ቀን ሊጠራን ሲፈልግ መግሪብን መጠበቅ፣ ተምርና ውኃ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ይህን እንዲያውቅልን ከፈለግን እኛ ዛሬ የእርሱን ሁዳዴ እናውቅለት።

እናቴ ያን ሸክላ ድስት ወደ መደርደሪያው አልመለሰችውም፤ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ለሚመጣው ዒድ ከሸቀጡ ዝርዝር በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ በዚያ ቀን ወዳጃችን የሚበላው ምንድን ነው? በስንት ሰዓትስ? አላህ (ሱ.ወ.) ጾማችንንና እርዳችንን ይቀበለን፤ የጎረቤትን ሐቅ ከሚያውቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።